ሳጥኑ ዲማ እስኪደርስ

ያገለገለ ኮንቴነር ገዝቶ ጎጃም ላይ ለማቆም የሚወጣው ገንዘብ የት የት ይሄዳል?

ኮንቴነር መግዛት የለመደ ሰው በዋጋ አይጀምርም። ሳጥኑ ውስጥ ይገባና «በሩን ከውጭ ዝጉብኝ» ይላል። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣል። መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ ካለች የቀኑ ብርሃን ያጋልጣታል፤ ዛሬ ብርሃን የገባበት ቀዳዳ ክረምት ሲመጣ ውኃ ይገባበታል። ከዚያ ወለሉን በእግሩ እየረገጠ ይዞራል። ወለሉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ወፍራም ኮምፔንሳቶ ነው። እግር ሲያርፍበት ከሰመጠ እንጨቱ በስብሷል፣ ወይም ከሥሩ ያለውን ብረት ዝገት በልቶታል። ያሸትታልም። ኮንቴነሩ ባሕር ላይ በኖረበት ዘመን ምን ሲጭን እንደኖረ ደላላው አያውቅም፤ ቢያውቅም አይናገርም። የኬሚካል ሽታ ግን ወለሉ ውስጥ ሠርጎ ዓመታት ይቆያል።

በመጨረሻ በሩ ላይ ወደተመታችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይጠጋል። ሳጥኑ የተሠራበት ጊዜና የሚችለው ክብደት እዚያ ተቀርጿል። ደላላው «አንድ ጉዞ ብቻ የሄደ ነው» ብሎ ሲምል ሰሌዳዋ ዕድሜውን ሳትደብቅ ትናገራለች። የባሕር ኮንቴነር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሠርቶ ይሸኛል። ወደ እኛ ሱቅነትና መጋዘንነት የሚመጣው በብዛት ይኸው ጡረተኛ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ቃሊቲና አካባቢው ባሉ፣ ሳጥን በሳጥን ላይ በተነባበረባቸው ግቢዎች ነው። ገዢያችን ግን ሳጥኑን የሚፈልገው ዲማ ላይ ለማቆም ነው እንበል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ ዲማን በስም ያውቃታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ገዳሙ የአቡነ ተከስተ ብርሃን ስም የሚነሣበት፣ አገሩ ከቢቸና ብዙ ያልራቀ የምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ነው። የቆሎ ተማሪ በጭቃና በሣር ጎጆ ቀልሶ ቅኔ ሲቆጥር በኖረበት መንደር የብረት ሳጥን ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። የእህል ነጋዴውን፣ የመድኃኒት ሻጩን፣ ሞባይል ጠጋኙን ቢጠይቅ መልሱን ያገኛል። ሌሊት የማያስተኛቸው ነገር ሌባ ነው።

## ሁለት ሳጥን፣ አንድ ስም

ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት የትኛውን እንደምንል እንለይ። በጎጃም ከተሞች መንገድ ዳር ተደርድረው ካርድ፣ ጫማ፣ ደብተር ከሚሸጥባቸው ሳጥኖች ብዙዎቹ ባሕር አይተው አያውቁም። የአገር ቤት በያጅ ከላሜራና ከቱቦላሬ የሠራቸው ናቸው። አዲስ አበቤ ይህን ዓይነቱን በደንብ ያውቀዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ ሳሉ ለሥራ አጦች በየመንገዱ ዳር የተተከሉት ትንንሽ ሱቆች «የአርከበ ሱቅ» እንደተባሉ ቀርተዋል።

የላሜራው ሳጥን ቀላል ነው። በያጁ ደብረ ማርቆስ ወይም ቢቸና ላይ በፈለጉት ልክ ይሠራዋል፣ በአይሱዙ ይጫናል፣ ጎረምሶች ተጋግዘው ያወርዱታል። መስኮት የት ይሁን፣ መደርደሪያው ስንት እርከን ይኑረው ብሎ ማዘዝም ይቻላል። ጉዳቱ መሳሳቱ ነው። መሣሪያ የያዘ ሌባ ብዙ አይደክምበትም፤ ክረምት ሲደጋገምበትም ዝገቱ ከብየዳው ይጀምራል።

የባሕሩ ሌላ ፍጥረት ነው። ባለ 20 ፊቱ 6 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ 2 ሜትር ከ44፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ59 ነው። ባዶውን 22 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ባለ 40 ፊቱ ርዝመቱ እጥፍ ሆኖ ወደ 37 ኩንታል ይጠጋል። ብረቱ ኮርተን የሚሉት፣ የላይኛው ዝገት የውስጡን የሚከላከልለት ዓይነት ነው። ከነጭነታቸው የተነባበሩ ሌሎች ሳጥኖችን በአራቱ ማዕዘኖቹ ተሸክሞ ማዕበል እንዲችል የተበየደ ነውና ለገጠር ሌባ እጁን አይሰጥም። ለመንደር ሱቅ ግን ጥንካሬው ከልክ በላይ ነው፤ የማይፈልጉትን ጥንካሬ መግዛት ደግሞ ወጪ ነው።

## ከጅቡቲ የቀረው

ሳጥኑ አገር ቤት እንዴት ቀረ? ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ ያህሉ በጅቡቲ ያልፋል። የሚገባው ዕቃ ከሚወጣው እጅግ ይበልጣል፤ ቡናውም ሰሊጡም ቢሰበሰብ የመጣውን ሳጥን ሁሉ አይሞላም። ስለዚህ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ዕቃውን ያራገፈ ኮንቴነር ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። ይህን ያየ ሰው «ባዶውን ከሚመለስ ለእኛ አይሸጡትም?» ማለቱ አይቀርም። ሳጥኑ ግን በአብዛኛው የመርከብ ድርጅቱ ወይም የአከራዩ ንብረት ነው። በተሰጠው ቀን ካልተመለሰ አስመጪው ላይ በየቀኑ የሚቆጠር ክፍያ ይወርድበታል።

በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው በጥቂት በሮች የሚገባው ነው። ላኪው ሳጥኑንም አብሮ ገዝቶ ከነዕቃው የላከው አለ። ውጭ አገር የኖረ ሰው ቤቱን ጠቅልሎ ሲመለስ፣ ወይም በጎ አድራጊ ድርጅት የሆስፒታል አልጋ ሲልክ እንዲህ ይሆናል። የመንግሥት ድርጅት በጨረታ የሚያስወግደውም አለ። በጉምሩክ ዓይን ኮንቴነር ዕቃ ሊያመላልስ ለጊዜው የገባ ነው። ይቀራል ከተባለ እንደ ማንኛውም ገቢ ዕቃ ቀረጥ ይከፈልበታል።

ገዢ ስለ ቀለሙና ስለ እጥፋቱ ሲከራከር የሚረሳው የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ነው። በሳጥኑ ጎንና በር ላይ አራት የላቲን ፊደልና ሰባት አሃዝ ተጽፏል፤ የመጨረሻዋ አሃዝ ከፊተኞቹ በስሌት የምትወጣ መቆጣጠሪያ ናት። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ ጋር ካልገጠመ ርካሹ ሳጥን የሚወደደው ኬላ ላይ ነው።

> ወረቀት የሌለው ሳጥን የሚረክሰው ከግቢው እስኪወጣ ድረስ ነው።

የብር ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ መጽሔቱ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ያረጃል። ዋጋውን የሚገፉትን ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ከዓለም ኮንቴነር አብዛኛውን የምትሠራው ቻይና ናት። በኮሮና ዘመን ወደቦች ሲታፈኑ ሳጥን ከዓለም ገበያ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ወጣ፤ ከዚያም ረግቧል። እኛ ዘንድ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይመራ ተባለና ብር በጥቂት ወራት ከግማሽ በላይ አቅሙን አጣ። ላሜራውም፣ የብየዳ ዘንጉም፣ ቀለሙም ከውጭ የሚመጣ ነው። ደላሎች የቆየውን ሳጥን ሳይቀር በአዲሱ ዶላር ሒሳብ መሸጥ የጀመሩት ለዚህ ነው።

## ዓባይን መሻገር

አሁን ሳጥኑ መኪና ላይ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ደጋው ያበቃና መንገዱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ሾፌሮች እዚህ ወሬ አያበዙም። ጠመዝማዛው ቁልቁለት ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ድልድዩ ላይ ይደርስና ያንኑ ያህል ዳገት ወጥቶ ደጀን ይገባል። ሸለቆው የሚንሸራተት መሬት ነው፤ አስፋልቱ ዛሬ ቢጠገን ከርሞ ይሰምጣል። ደጀን ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ ግራው ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ቀኙ ወደ ቢቸናና ሞጣ ያመራል።

ለጭነቱ የሚከፈለው በክብደት አይደለም። ባዶ ኮንቴነር የጫነ ከባድ መኪና የተሸከመው አየር ነው ማለት ይቻላል፤ ቦታው ግን ተይዟልና ባለ መኪናው ሙሉ ጭነት ያስከፍላል። ይህን የገባው ነጋዴ ሳጥኑን ባዶውን አያስመጣም። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሳሙና፣ ዘይት ሞልቶ ያስመጣዋል። ከጎረቤት ነጋዴ ጋር ተጋርቶ የሚጭንም አለ። እንዲህ ሲሆን የሳጥኑ ማጓጓዣ በዕቃው ውስጥ ይሟሟል።

ሁለተኛው ብልሃት ጊዜ መምረጥ ነው። ጤፍ ተወቅቶ ገበያ በሚወጣበት በጋ ሾፌሩ ከጎጃም ባዶውን እንደማይመለስ ያውቃል፤ ስለዚህ በመሄጃው ይለሳለሳል። ሐምሌ ላይ ለመጠየቅ የሄደ ሰው ሌላ ዋጋ ይሰማል፣ ያውም የሚሄድ ከተገኘ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ የትኛውም ብልሃት የማይፈታው ሒሳብ ተጨምሯል። መንገዱ ተዘግቶ የሚከርምበት ጊዜ አለ። ሾፌሮች ክፍት ሲሆንም ሥጋታቸውን ዋጋው ላይ ይደምራሉ፤ ማንም ደግሞ ተሳስታችኋል አይላቸውም።

ከዋናው መንገድ ወጥቶ እስከ መንደሩ ያለው ቁራጭ ለብቻው ይታሰባል። መኪናው ላይ የወጣ ሳጥን ከመሬት አራት ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በትንንሽ ከተሞች ውስጥ መንገዱን አቋርጦ የሚሄደው የመብራት ሽቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረገብ ያለ ነው። ሽቦውን በእንጨት ቀና አድርጎ መኪና የሚያሳልፍ ጎረምሳ የትም አይጠፋም። ሊከለከል የሚገባው ድፍረት ነው፤ ዝናብ ያገኘው እርጥብ እንጨት ይገድላል።

## ክሬን በሌለበት

በፈረንጆች 1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የከባድ መኪና ነጋዴ 58 ሳጥኖች ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ መርከብ ሲልክ ሐሳቡ አንድ ነበር፤ ሸክምን ከሰው ትከሻ ላይ ማውረድ። በዚያን ጊዜ ዕቃ መርከብ ላይ በሰው ጉልበት ሲጫን ለቶን 5 ዶላር ከ86 ሳንቲም ያስወጣ ነበር። በሳጥኑ ግን ወደ 16 ሳንቲም ወረደ ይባላል። የወደብ ወዛደሮች ሥራ እያጡ ተበተኑ፣ ክሬን ነገሠ። ይኸው ሳጥን ሥራውን ጨርሶ ዲማ ሲደርስ የሚጠብቀው ጫኝና አውራጅ ነው።

ክሬን ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ማርቆስ ማስመጣት ይቻላል፤ ግን ክሬኑ ለአንድ ሰዓት ሥራ የሚያስከፍለው የደርሶ መልሱን መንገድ ነው። ስለዚህ ገጠር ላይ ሥራው በሌላ ዘዴ ይሠራል። መኪናው ጀርባውን ሳጥኑ ወደሚቀመጥበት ሰጥቶ ይቆማል። በሳጥኑ ሥር ድቡልቡል የባሕር ዛፍ ግንዶች ይሰገሰጋሉ። ወፍራም ሰንሰለት ከሳጥኑ የታች ማዕዘኖች ወደ ኋላ ተስቦ ከትልቅ ዛፍ ጋር ይታሰራል። ከዚያ ሾፌሩ በዝግታ ወደ ፊት ይነዳል፤ ሳጥኑ ባለበት ሲቀር መኪናው ከሥሩ ይወጣል። የኋላው ጫፍ አጋድሎ የተደረደረው ግንድ ላይ ሲያርፍ ጩኸት ይበረክታል። «ያዘው! ልቀቀው! ቆይ ቆይ!» የሚለው ሁሉ አዛዥ ነው፣ የሚታዘዝ ግን የለም። ቀሪው ሥራ የክሪክ ነው። ማዕዘን በማዕዘን እያነሡ፣ ግንድ እያወጡ፣ ቀስ በቀስ ያስቀምጡታል።

ሳጥኑ የሚጎዳው በዚህች ደቂቃ ነው። በአንድ ማዕዘኑ ብቻ መሬት የመታ ሳጥን በዓይን ደህና ይመስላል፤ በሩ ግን ከዚያ በኋላ በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። ከባሕር ማዕበል የተረፈ በር እዚህ ይጣመማል። ለማውረጃ የተቆጠበው ብር በጥቂት ወር ውስጥ ለበያጅ ሲከፈል ያየ ነጋዴ ቢቸና ውስጥም፣ ደብረ ወርቅ ውስጥም አይታጣም።

## መረሬው

የምሥራቅ ጎጃም ጥቁር አፈር ጤፍን ያበላል፤ ለሳጥን ግን ጠላት ነው። መረሬ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል። እንዲያው መሬት ላይ የተቀመጠ ሳጥን ከአንድ ክረምት በኋላ ይንጋደዳል። ሲንጋደድ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጉረመርመው በሩ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ኮንቴነር የሚቆመው በአራት ማዕዘኖቹ ነው፤ ሆዱ ሥር ድንጋይ መከመር አያስፈልገውም። አራቱ ማዕዘኖች በሚያርፉበት ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይወጣና በድንጋይና በጠጠር ይሞላል፤ በላዩ የኮንክሪት መቀመጫ ይፈሰሳል። ባለ 40 ፊቱ ከሆነ መሐል ላይ ድጋፍ ቢጨመርለት አይከፋም። ከዚያ ውኃ ልክ ይያዛል። ልክ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ በሩን መክፈትና መዝጋት ይበቃል፤ በአንድ ጣት ከዞረ ተስተካክሏል። ሳጥኑ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ካለ ነፋስ ከሥሩ ያልፋል፣ የወለሉ ብረት ይደርቃል፣ አይጥም ጎሬ አታገኝም። ዙሪያውን የጎርፍ መውረጃ ካልተቆፈረ ግን ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ሐምሌ ይታጠባል።

> ማዕበል ያልጣለውን ሳጥን መረሬ ያጋድመዋል።

ብዙ ሰው ለሲሚንቶ የሚወጣውን ይፈራና ሳጥኑን ድንጋይ ላይ ያስቀምጣል። አንዳንዱ እንዲያውም ያረጀ ጎማ ያነጥፍለታል። እኔ ብሆን ከቀለሙ፣ ከመስኮቱ፣ ከሁሉም ቀንሼ ለመሠረቱ አወጣለሁ።

## ላብ

የኮንቴነር ውስጥ አየር ጠባይ ክፉ ነው። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ይግላል፤ ሌሊት የደጋው ብርድ ብረቱን ያቀዘቅዘዋል። ውስጥ የታፈነው እርጥበት ቀዝቃዛውን ጣሪያ ሲነካ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ባለ ሱቆች «ኮንቴነሩ አላበው» ይላሉ። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውምና ከበቆሎ ይሻላል። ያም ሆኖ ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውኃ የላይኛውን ጆንያ ያሻግተዋል። እህሉ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ከወለሉ በእንጨት ከፍ ብሎ ካልተደረደረና ሳጥኑ ላይና ታች መተንፈሻ ካልተከፈተለት መሻገቱ የሚጠበቅ ነው።

ይህች ላብ ስለ ገዳማት አካባቢ ሌላ ነገር ታስታውሰኛለች። የብራና መጻሕፍትን ከሌባና ከእሳት ለማዳን የብረት ሳጥን የሚመኝ ሰው ይኖራል፤ ከሌባ እርግጥ ያድናል። ብራና ግን ቆዳ ነው። ቀን ግሎ ሌሊት የሚያልብ ቤት ውስጥ ያብጣል፣ ይጨማደዳል፣ ቀለሙ ይላቀቃል። ወፍራም ግድግዳ ያለው አሮጌው ዕቃ ቤት ለብራና ከባዶ ኮንቴነር ይሻለዋል።

ሰው የሚውልበት ከሆነ ጣሪያው ላይ ሌላ ቆርቆሮ ከፍ አድርጎ መምታት፣ ውስጡን በቺፑድ ማልበስና በቺፑዱና በብረቱ መሐል ሙቀት የማያሳልፍ ነገር መጠቅጠቅ ይረዳል። መስኮት ለመቁረጥ ግን መቸኮል አይገባም። ሸንተረር ያለው ግድግዳ ራሱ የሳጥኑ ጉልበት ነው፤ ሲቀደድ ጠርዙ በቱቦላሬ መታሰር አለበት። መብራት ሲገባበት ደግሞ ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ብረት መሆኑ አይዘንጋ። ሽቦው አንድ ቦታ ቢላጥ ደንበኛ በሩን ሲነካ ነው የሚታወቀው። የመሬት ሽቦ ሳይቀበር መብራት የሚቀጥል ባለሙያ ሲመጣ ማሰናበት ይሻላል።

## የማን ቦታ?

እስከ አሁን የቆጠርነውን ሁሉ ደምሮ የባሕር ዛፍና ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን ተመቶለት፣ በብዙ እንደሚረክስ የማያውቅ የጎጃም ነጋዴ የለም። ቤቱ ቀን ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት ይሞቃል፣ በያጅም ክሬንም አይፈልግም። ታዲያ ለምን ሳጥን?

የማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች፣ ባለ ሱቆችና ደላሎች በተለያየ ቃል የሚሉት አንድ ነው። ቤት የሚሠራው መሬት ያለው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው የሚይዘው የመጠቀም መብት ነው፣ ይህም ወረቀት ይፈልጋል። መንገድ ዳር ቦታ ላይ ግንባታ ሳይፈቀድ ጭቃ ያቦካ ሰው አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ የሚያነሣው የለውም። ሳጥን ያቆመው ግን «ጊዜያዊ» ተብሎ ይፈቀድለታል፤ ተነሣ ሲባልም ንብረቱን ይዞ ይነሣል። በ2016 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት መንገድ ዳር የነበሩ ሱቆች ተነሥተዋል፤ ይህን ያዩ ነጋዴዎች ለሳጥን የሚከፍሉት ጭማሪ ለኢንሹራንስ እንደሚከፈል ቆጥረውታል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና መሆን ይችላል ተብሏልና፣ አበዳሪው እሺ ካለ ሳጥኑ እዚያም ሊያገለግል ይችላል።

> ነጋዴው ከሳጥኑ ጋር የሚገዛው የመነሣት መብት ነው።

እኔ በዚህ ሒሳብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ባለ 20 ፊቱን የባሕር ሳጥን ለማንሣት ያው መኪና፣ ያው ግንድ፣ ያው ጩኸት ዳግመኛ ያስፈልጋል። የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ ለተሰጠው ሰው «ተንቀሳቃሽ» መሆኑ ስም ብቻ ነው። ለሱቅ የላሜራው ይበቃል፣ በአይሱዙ ይነሣል። ከባዱ ሳጥን የሚያዋጣው ለመጋዘን ነው፤ እሱም ቦታው ለዓመታት እንደማይነካ ለሚያውቅ ሰው፣ ማለትም ቤት መሥራት ለሚችለው ሰው።

አሁን በየከተማው የሚዘወተረው ሦስተኛ መንገድ ነው። አንዱ መንገድ ዳር የወጣ ይዞታ አለው፣ ገንዘብ የለውም፤ ሌላው ሳጥን አለው፣ ቦታ የለውም። ሳጥኑ በባለ ይዞታው አጥር ጥግ ይቆምና የሚከራየውን ይካፈላሉ። ምስክር ጠርተው ውል ይጽፋሉ፤ ኪራዩ፣ የመብራቱ ክፍያ፣ የግብሩ ድርሻ ሁሉ ይዘረዘራል። ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ የሚቀረው ሳጥኑ የሚነሣ ቀን የማንሻውን ማን እንደሚችል ነው። ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ ሲቀርብ ባለ ይዞታው «ያመጣኸው አንተ፣ ውሰደው» ይላል። ባለ ሳጥኑ ደግሞ እስከ ጥቅምት ድረስ ጊዜ ስጡኝ ይላል፤ በክረምት እዚያ ድረስ ገብቶ የሚያነሣለት መኪና የለም።